ከበሮን የሚዳኝ ጆሮ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሌላውን ሥራ አቃሎ ለሚያይ ሰው መገሠጫ ሆኖ ነው። እኔ ግን ቃል በቃል እውነት መሆኑን የተረዳሁት ባሕር ዳር ውስጥ፣ ግሽ ዓባይ በሚባለው ሰፈር፣ ለአንድ የገጠር ደብር ከበሮ ሊገዙ የመጡ ማኅበርተኞችን አጅቤ የሄድኩ ዕለት ነው።

ከሱቁ ውስጥ አምስት ስድስት ከበሮዎች ተደርድረዋል። አንደኛው ቀይ ጨርቅ ለብሶ፣ ዙሪያውን በወርቃማ ጥልፍ ተከብቦ ከሩቅ ይጣራል። ከማኅበርተኞቹ መካከል ወጣቱ «እኔን ካላችሁ ይኸኛው ነው» አለና አነሣው። አብረውን የነበሩት መሪጌታ «እስቲ ወዲህ በለው ልጄ» ብለው ተቀበሉት። ማንገቻውን ከአንገታቸው አግብተው በአንድ መዳፋቸው ሰፊውን አፍ፣ በሌላው እጅ ጣቶቻቸው ጠባቡን መታ መታ አደረጉትና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት ቆዩ። ከዚያም አወረዱት። እንጨቱን በጥፍራቸው አንኳኩ፤ ጠፍሩን ሳብ ለቀቅ አደረጉ፤ ቆዳው ከአፉ ላይ የሚታጠፍበትን ዳር በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱ። በመጨረሻም «ይኸ የሚታይ ከበሮ ነው ልጄ፤ የሚሰማውን ፈልግ» አሉት።

ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከዚያ ዕለት ጀምሮ አልተለየችኝም። ለመሆኑ መሪጌታው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ምን ሰሙ? ምንስ ዳሰሱ? የመሣሪያ ጥሩነት የሚለካው በምንድን ነው? በመልኩ ነው፣ በስሙ ነው፣ ወይስ በድምፁ? ጥያቄው የአንድ ደብር ግዢ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከጀርባው የዘመናት ታሪክ አለ፤ የታሪኩም አንደኛው ጫፍ የሚገኘው፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ ሰፈሩ ስሙን ከወረሰው ከእውነተኛው ግሽ ዓባይ ዘንድ ነው።

የእንግዳው ፍርድ

ስለ ከበሮ ድምፅና አሠራር የሚሰጠው ዳኝነት በአገራችን ሲተላለፍ የኖረው በአብዛኛው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። በጽሑፍ ከሰፈሩት ምስክርነቶች አንዱ የተገኘው ግን ካልታሰበ ሰው፣ ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1762 ዓ.ም. የካቲት ወር ጎንደር ገባ። በሚከተለው ዓመት ጥቅምት ወር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ ሰከላ ውስጥ ከሚገኘው ከግሽ ምንጭ ዳር ቆመ። በኮኮናት ቅል ውኃ ቀድቶም ለንጉሡ ለጊዮርጊስ ሣልሳዊ ጤንነት ጠጣ። ከእርሱ 152 ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1610 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ጴድሮ ፓኤዝ ምንጩን አይቶ የጻፈ ቢሆንም፣ ብሩስ የክብሩ ተካፋይ እንዳይኖር ሲል የፓኤዝን ምስክርነት ሐሰት ነው ብሎ ተከራክሯል። እንግዲህ ይህ ሰው በዓይኑ ባየው ነገር ሁልጊዜ ቅን ዳኛ አልነበረም። በጆሮው ግን ጠንቃቃ ነበር።

አገሩ ከተመለሰ በኋላ የሙዚቃ ታሪክ ይጽፍ ለነበረው ለእንግሊዛዊው ለቻርልስ በርኒ ደብዳቤ ላከለት። በርኒም ደብዳቤውን እ.ኤ.አ. በ1776 በታተመው የሙዚቃ ታሪኩ የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ አወጣው። ብሩስ በዚያ ደብዳቤ በኢትዮጵያ ስድስት የሙዚቃ መሣሪያዎች እንዳሉ ይቆጥራል፦ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጽናጽልና ክራር መሰል መሣሪያ። ስለ ነጋሪቱ ሲጽፍ ግን መቁጠርና መግለጽ ብቻ አይበቃውም፤ ይፈርዳል።

የፍርዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ነጋሪቱ በቅርጹም በመጠኑም የአውሮፓውን ይመስላል፤ አወጣጠሩ ግን ጎደሎ ነው። ቆዳው በአፉ ከንፈር ላይ ታጥፎ፣ በውጭ በኩል እስከ ጎኑ ሲሶ ድረስ ወደ ታች ስለሚለጠጥ ድምፁ እጅግ ይታፈናል፤ የአውሮፓው ነጋሪት ያለውን ጥርት ያለ፣ ብረት ብረት የሚል ድምፅ ያጣል። መቺው አንዱን ነጋሪት በበቅሎው በስተግራ አስሮ፣ ቆልመም ባለ ረዥም ዱላ ይጎስመዋል። ንጉሡ ሲጓዝም አርባ አምስት ነጋሪት በፊቱ ይመታል። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ብሩስ በመጨረሻ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፤ በጠቅላላው ድምፁ ጆሮ አያስከፋም፣ ለማመን ከሚያስቸግር ርቀትም ሰምቼዋለሁ ይላል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ድምፁ የታፈነ ነው የተባለ መሣሪያ እንዴት ከማይታመን ርቀት ሊሰማ ቻለ? ከሁለቱ አንዱ ስሕተት ነው? ወይስ ሁለቱም እውነት ሆነው፣ የጎደለው መለኪያው ነው?

ነጋሪት ምን ሊሠራ ተፈጠረ?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ መሣሪያው ለምን እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነጋሪት የሚለው ቃል በግዕዝ «ነጋሪ» የሚለው ቃል የአንስታይ መልክ ነው፤ ነጋሪዋ፣ ተናጋሪዋ ማለት ነው። ብሩስም ስሙ ከንግግርና ከአዋጅ ጋር የተያያዘ መሆኑን ልብ ብሏል። አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰማል፤ በሹመት ቀንም ንጉሡ ለአገር ገዢው ነጋሪትና ሰንደቅ ይሰጠዋል። ነጋሪት ያለው ሹም በግዛቱ ማዘዝ የሚችል፣ የማወጅ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ነጋሪት የሌለው ሹም ቃሉ ከአዳራሹ አይወጣም።

በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ውስጥ ስሙ የሚነሣ «ደብ አንበሳ» የተባለ የቤተ መንግሥት ነጋሪት አለ። ለመሣሪያ እንዲህ ያለ የአውሬ ስም ያወጣ ሰው ከእርሱ ምን ይጠብቅ እንደነበር ግልጽ ነው። ዜማ አልነበረም የሚጠብቀው፤ ግሣት ነበር። «አርባ አራት ነጋሪት እያስጎሰመ» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ በአማርኛችን ውስጥ የግርማ መግለጫ ሆኖ መኖሩ የዚያ ዘመን ማስታወሻ ነው። ብሩስ አርባ አምስት ቆጠረ፣ ያገራችን ሰው አርባ አራት ይላል፤ በአንድ ነጋሪት መለያየት ግን ከማስታረቅ የሚያልፍ ጠብ አይደለም።

ሠርፀ ድንግል ጉዛራ ላይ፣ ሱስንዮስ ጎርጎራና ደንቀዝ ላይ፣ ፋሲለደስም በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ላይ ከተማቸውን ሲተክሉ፣ ጣና የመንግሥቱ መኻል አገር ሆኖ ነበር። የነጋሪቱ ድምፅ ሊሻገር የሚገባው ይህንን አገር ነው፦ ሜዳውን፣ የሠራዊቱን ጫጫታ፣ የበቅሎውንና የፈረሱን ኮቴ፣ የአጋሰሱን ግርግር። ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ግንቦት ከንጉሡና ከራስ ሚካኤል ስሑል ሠራዊት ጋር ወደ ጣና ደቡብ በወረደ ጊዜ የሰማው እንዲህ ባለ ጉዞ ላይ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ባሕርይ እንምጣ። የተወጠረ ቆዳ የሚያወጣው ድምፅ ቅጥነትና ውፍረት የሚወሰነው በዋናነት በሦስት ነገሮች ነው፦ በአፉ ስፋት፣ በውጥረቱ ኃይልና በቆዳው ክብደት። አፉ ሲሰፋ፣ ውጥረቱ ሲላላ፣ ቆዳው ሲከብድ ድምፁ ይወፍራል። ወፍራም ድምፅ ደግሞ ከቀጭኑ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። አየር ውስጥ ሲጓዝ ቶሎ አይጠፋም፤ ዛፍና ጉብታ ቢያጋጥመውም ዙሮ ያልፋል። ጥርት ያለው፣ ብረት ብረት የሚለው ቀጭን ድምፅ በአዳራሽ ውስጥ ያምራል፤ በሜዳ ላይ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ነጎድጓድ ከቅርብ ሲሰነጠቅ፣ ከሩቅ ግን ጉርምርምታው ብቻ የሚሰማን በዚህ ምክንያት ነው።

ቆዳው በከንፈሩ ላይ በሰፊው መተኛቱም የራሱ ውጤት አለው። አንድ ቆዳ ስለት ባለው ጠርዝ ላይ ብቻ ሲያርፍ ከተመታ በኋላ ለብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ተከታታይ ቀጫጭን ድምፆችም ያወጣል። ክብ በሆነ፣ ሰፋ ባለ ጠርዝ ላይ ሲተኛ ግን ቀጫጭኖቹ ቶሎ ይሞታሉ፤ የሚቀረው ዋናው፣ ወፍራሙ ድምፅ ነው። ብሩስ ጉድለት ያለው አሠራር እንግዲህ ለነጋሪቱ ሥራ የሚመች አሠራር ሆኖ ተገኘ። የአንዱ ምት ጩኸት ከሚቀጥለው ምት ጋር ሳይደባለቅ፣ አርባ አራቱ ሲጎሰሙ እያንዳንዱ ዱላ ለብቻው ይሰማል። ስለዚህ ብሩስ በሁለቱም አልዋሸም። ጆሮው እውነቱን ነገረው፤ የተሳሳተው የለንደንን የኮንሰርት አዳራሽ መለኪያ ይዞ የዳሞትን ሜዳ ሲለካ ነው።

መረዋና ጎርናና

አማርኛችን ይህን ልዩነት አሳምሮ ያውቀዋል። ጥርት ያለ፣ የሚያስገመግም ሳይሆን የሚያቃጭል ድምፅ «መረዋ» ይባላል። መረዋ የደወልም ስም ነው። በጣና ደሴቶች ገዳማት ዛሬም ከዛፍ ወይም ከእንጨት ላይ የተንጠለጠሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች እንደ ደወል ሲመቱ ይሰማል። ድንጋይ ሁሉ ግን አይደወልም። የሚደወለው ስንጥቅ የሌለው፣ ሲመቱት የሚጮኸው ነው፤ መርጦ ያነሣው ሰው አስቀድሞ በሌላ ድንጋይ መትቶ አዳምጦታል። ከመረዋ ወዲያ ደግሞ «ጎርናና» አለ፤ ወፍራሙ፣ ከደረት የሚወጣው። ለሁለቱም ቃል ያለው ሕዝብ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አይመዝንም። ከደወል መረዋነትን፣ ከነጋሪት ጎርናናነትን ይሻል።

የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ግን ሁለቱንም ባንድነት ይፈልጋል፤ ስለዚህም ዳኝነቱ ከባድ ነው። ከበሮው ሁለት አፍ አለው፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ። ሊቃውንቱ ሰፊውን የመለኮት፣ ጠባቡን የትስብእት ምሳሌ ያደርጉታል። የሚለብሰው ጨርቅ ጌታ በሕማሙ ጊዜ የለበሰውን ልብስ፣ ጠፍሩ የግርፋቱን ሰንበር፣ ማንገቻው የታሰረበትን ገመድ ያስታውሳል ይላሉ። በድምፅ በኩል ሲታይም ሰፊው አፍ ጎርናናውን፣ ጠባቡ ቀጭኑን ይሰጣል። ሁለቱን ቆዳዎች የሚወጥራቸው አንዱ ጠፍር ነው፤ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ይጠልፋቸዋል። አንዱን ጠበቅ ሲያደርጉት ሌላውም ይጠብቃል። እንግዲህ መሪጌታው ጠፍሩን ሳብ ለቀቅ ያደረጉት ሁለቱ አፎች ተስማምተው እንደሆነ ለማየት ነበር። ሰፊው ጎርንኖ ጠባቡ ካልጠራ፣ ወይም ሁለቱ ድምፆች ተቀራርበው ካልተለዩ፣ ከበሮው የተናጋሪ ግማሽ ነው።

አገልግሎቱም ቀላል አይደለም። በአቋቋም ሥርዓት ዜማው መጀመሪያ በቁም፣ ከዚያም በመቋሚያ በዝማሜ ይባላል፤ ወደ መረግድ ሲደርስ ከበሮ ይገባል፤ በጽፋት እየፈጠነ ይሄዳል። ከበሮ መቺው በዝግታው ጊዜ መዳፉን ሲያሳርፍ ድምፁ ረዘም ብሎ መቆየት አለበት። በፈጣኑ ጊዜ ደግሞ አንዱ ምት ሌላውን ሳይውጥ ቶሎ መቆረጥ ይኖርበታል። ይህን ተቃራኒ ፍላጎት የሚያሟላ ከበሮ ማግኘት ዕድል ነው። ለጥምቀት ደግሞ ይኸው ከበሮ ከአንገት ወርዶ በማይቀመጥበት ሰዓት ሁሉ ተሸካሚው አብሮት ይዘላል፤ ስለዚህ ክብደቱም ይዳኛል። የሚገርመው ጎንደር በአታን በመሰሉ የአቋቋም ምስክር ቤቶች ተማሪው ዓመታት የሚፈጀው ይህን ሁሉ በቃል ሲያጠና ነው። የከበሮ ዳኝነትም የሚማረው በዚያው መካከል ነው፤ በመጽሐፍ ሳይሆን በመዳፉ።

ወቅቱም ዳኛ ነው። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲርስ ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጠራል። ጣና ዳር በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውስጥ የሰነበተ ከበሮ ድምፁ ወርዶ ይገኛል። ከማኅሌት በፊት ከፀሐይ ወይም ከእሳት ዳር ጠጋ የሚደረገው ለዚህ ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮና ጽናጽል ዝም ይላሉ፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ ከበሮ ገዢ ወቅቱን ማሰብ አለበት። በበጋ ፀሐይ ከሱቅ በር ላይ ተሰጥቶ የዋለ ቆዳ ማንም ቢመታው ይጮኻል። የክረምቱን ድምፅ የሚናገረው የቆዳው ውፍረት፣ የጠፍሩ ጥንካሬና የእንጨቱ መድረቅ ነው።

ሠሪው የት አለ?

ይህን ሁሉ የሚሠራው ማነው? እንጨቱን የሚቦረቡር ጠራቢ አለ፤ ቆዳውን የሚፍቅ ፋቂ አለ። ለከበሮ ከሚመረጡት ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነው፤ ለመጥረብና ለመቦርቦር የሚመች፣ በጎጃምና በጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ የሚገኝ። ጠራቢው ግንዱን በእርጥቡ ቦርቡሮ ቸኩሎ ቆዳ ካለበሰው፣ እንጨቱ ሲደርቅ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ አፉ ክብነቱን ያጣል። ክብነቱን ያጣ አፍ ላይ የተወጠረ ቆዳ በአንድ በኩል ጠብቆ በሌላው ይላላል፤ በመሐሉ ሲመቱት ያገሣል፣ በዳሩ ሲመቱት ያንኮሻኩሻል። ጨርቁ ግን ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። መሪጌታው እንጨቱን በጥፍራቸው ያንኳኩት፣ ዳሩንም በአውራ ጣታቸው የዳሰሱት ከጨርቁ ሥር ያለውን ለመስማት ነው።

የሚያሳዝነው ግን ይህን ጥበብ የያዙት ሰዎች በታሪካችን ውስጥ የተሰጣቸው ስፍራ ነው። የነጋሪቱን ባለቤት እናውቀዋለን፤ ዜና መዋዕሉ ደጃዝማችና ራስ ብሎ ይጠራዋል። ነጋሪቱን የጎሰመውም በሰልፉ ውስጥ ይታያል። ቆዳውን የፋቀው ግን ስሙ የለም፤ ያለው ስድቡ ነው። «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ» የሚሉት ቃላት የሙያ ስሞች መሆናቸው ቀርቶ መናቂያ ሆነው ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር ስለሰደደ ነበር። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን አዋጅ በነጋሪት ይነገር ነበር። ፋቂን አትስደቡ የሚለውን ቃል ሕዝብ እንዲሰበሰብና እንዲሰማ የሚጠራው ድምፅ የወጣው ፋቂ ከፋቀው ቆዳ ነው።

ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሕግ የሚወጣው «ነጋሪት ጋዜጣ» ላይ ሆነ። ነጋሪቱ ከበቅሎ ወርዶ ወረቀት ላይ ተቀመጠ፤ ስሙ ቀረ፣ ድምፁ ሄደ። የአማራ ክልል ሕግ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ የሚታተመው «ዝክረ ሕግ» በሚል ስም ነው። ዛሬ የነጋሪትን ድምፅ የሚያስብ እንጂ የሚዳኝ ጆሮ ማግኘት ቀላል አይደለም። መሣሪያ ከሥራው ሲለይ መጀመሪያ የሚጠፋው መለኪያው ነውና።

በእግር የሚመታው ከበሮ

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ከበሮ፣ ወጣቶቻችን «ድራም» ወደሚሉት እንለፍ። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያንና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች የዘመናዊውን ከበሮ መንገድ ጠረጉ። በመጀመሪያዎቹ ማርሽ ባንዶች ትልቁን ከበሮ አንዱ፣ ትንሹን ሌላው ይመታ ነበር። አንድ ሰው ተቀምጦ ሁሉንም እንዲመታ ያስቻለው በአሜሪካ ሉድቪግ የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጡት በእግር የሚረገጥ መምቻ ነው። እግር ትልቁን፣ እጅ ትንሹን ያዘ። ልብ ላለው ሰው ይህ ከቤተ ክርስቲያን ከበሮ የራቀ አሳብ አይደለም፤ ሰፊ አፍና ጠባብ አፍ፣ ጎርናናና ቀጭን፣ በአንድ ሰው አካል ላይ ተገናኙ።

ለዚህም ነው የእኛ ሙዚቀኞች ጭክጭካን በባዕዱ መሣሪያ ላይ ለመጫወት ያልቸገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሥራ ያቀረበው የዋሊያስ ባንድ ድራመር ተማረ ሐረጉ የሚመታውን ያደመጠ ሰው፣ የባዕዱ መሣሪያ ያገሩን ምት እንዴት እንደተማረ ይሰማል። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ በተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች፣ በወሎው ላሊበላ፣ በጎንደሩ ፋሲለደስና ከዚሁ ከምንጩ ስሙን በወሰደው በጎጃሙ ግሽ ዓባይ መድረክ ላይ ደግሞ የአገሩ ከበሮ ከነእስክስታው ቦታውን ይዞ ታየ።

ዘመናዊው ከበሮ ግን ይዞት የመጣው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ የፋብሪካ ስም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1964 ቢትልስ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በቀረቡ ምሽት 73 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሪንጎ ስታርን ከበሮ አየ። በትልቁ ከበሮ ፊት ላይ «ሉድቪግ» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ከዚያ ወዲያ የፋብሪካው ገበያ ደራ፤ ወጣቱ ሁሉ ያንኑ ከበሮ ጠየቀ። ብዙዎቹ ገዢዎች ግን ድምፁን ለይተው ሰምተውት አልነበረም፤ አይተውት ነበር እንጂ። በኋላም የጃፓኖቹ ፐርል፣ ያማሃና ታማ ገቡ፤ ዛሬ የአዲስ አበባም ሆነ የባሕር ዳር ወጣት ሙዚቀኛ ስለ ድራም ሲከራከር የሚጠራው እነዚህን ስሞች ነው። ስም ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ጥሩ ፋብሪካ እንጨቱን ስስ ንብርብር አድርጎ በማጣበቅ እንዳይጣመም ያደርገዋል፤ ብሎኖቹ አይላሉም፣ ማቆሚያዎቹ አይወላገዱም። ይሁንና አንዱ ፋብሪካ ራሱ በውድም በርካሽም ይሠራል፤ ስሙ በሁለቱም ላይ ያው ነው። ወርቃማው ጥልፍ በሌላ መልኩ ተመለሰ ማለት ነው።

ቆዳውም ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1957 ገደማ ሬሞ ቤሊን የመሰሉ ሰዎች በእንስሳ ቆዳ ፈንታ ፕላስቲክ መወጠር ጀመሩ። ፕላስቲክ ዝናብ አይፈራም፤ እሳት ዳር መሞቅ አያሻውም። ለክረምት አገር ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን የጥንቱን ሙቀት ያለው ድምፅ የሚሹ መቺዎች ዛሬም ቆዳ ይፈልጋሉ። ከዚህ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ደግሞ የከንፈሩ ነገር ነው። ዛሬ ከበሮ ሠሪዎች ከሚከራከሩባቸው ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ ቆዳው የሚያርፍበት ጠርዝ ስለት ይሁን ወይስ ክብ የሚል ነው። ስለታሙ ጠርዝ ደመቅ ያለና የሚያቃጭል ድምፅ ይሰጣል፤ ክቡ ደግሞ ደረቅ ያለ፣ ወፍራምና ቶሎ የሚቆረጥ ድምፅ። ክብ ጠርዝ ያላቸው የድሮ ከበሮዎች ዛሬ ፈላጊያቸው ብዙ ነው። ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ነጋሪት ላይ እንደ ነውር የቆጠረው ጠባይ፣ በእርሱ አገር ልጆች ዘንድ በውድ ዋጋ የሚፈለግ ሆነ።

የኤሌክትሪክ ከበሮም አልቀረም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ብቻውን ባሳተመው ሥራው በሰው ፈንታ የምት መሣሪያ አስገብቶ ነበር፤ የእርሱ በአኮርዲዮን ላይ የተመሠረተ የጥበበኛ ምርጫ ነው። በኋላ በካሴቱ ገበያ ላይ የነገሠው የመሣሪያ ምት ግን በብዙ ዘፈን ውስጥ የመጣው ወጪ ለመቀነስ ነው። ያ ምት አይሳሳትም፤ አይደክምም። ደግሞም አያዳምጥም።

የሚሰማውን መምረጥ

እንግዲህ ከግሽ ምንጭ እስከ ግሽ ዓባይ ሰፈር ድረስ የተጓዝንበት መንገድ ወደ አንድ ነገር ያደርሰናል። መሣሪያ የሚዳኘው በሥራው ነው። ነጋሪትን ለመንገድ፣ ከበሮን ለማኅሌት፣ ድራምን ለባንድ እንጂ፣ አንዱን በሌላው ሚዛን አንመዝነውም። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ ለሁሉም ያው ነው። እንጨቱ ደርቋል? አፉ ክብ ነው? ቆዳው ዙሪያውን እኩል ተወጥሯል? ሰፊውና ጠባቡ ይነጋገራሉ? በዝግታ ሲመታ ይቆያል፣ በፍጥነት ሲመታ ይቆረጣል? በክረምትስ?

ይህን መጠየቅ ከተውን የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም። ገዢ በዓይኑ ብቻ ሲመርጥ፣ እንጨቱን ሁለት ዓመት አድርቆ የሚሠራው ጠራቢ በእርጥቡ ቦርቡሮ ጥልፍ ከሚያበዛው ጋር በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ከዚያም ወይ ሥራውን ይተዋል፣ ወይ እርሱም ጥልፍ ያበዛል። ንቀት ያላጠፋውን ሙያ እንዲህ ያለው ግዢ ሊያጠፋው ይችላል። ለሠሪው ከሁሉ የሚበልጠው ክብር የስድብ መከልከል ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ማግኘት ነው።

የዚያን ዕለት ነገር ልጨርስ። መሪጌታው ቀዩን ከበሮ ከመለሱ በኋላ ከጥግ የተቀመጠ፣ ጨርቁ የደበዘዘ አንድ ከበሮ አስመጡ። መታ መታ አደረጉት፤ ዝም ብለው አዳመጡ፤ ደገሙት። ከዚያም ቀና ብለው ለባለ ሱቁ «ማነው ይኸን የሠራው?» አሉት። ባለ ሱቁ ከወዲያ ማዶ ያሉ አንድ ሽማግሌ እንደሆኑ ነገራቸው። «እግዚአብሔር እጃቸውን ይባርክ በልልኝ» አሉት።

ወጣቱ ግን ቅር ብሎት «የኔታ፣ ጨርቁ እኮ ደብዝዟል» አላቸው።

መሪጌታው ማንገቻውን በልጁ ትከሻ ላይ አኖሩለትና «ጨርቅ እዚያው ደብራችን ይሰፋለታል ልጄ፤ ድምፅ ግን የሚሰፋ አይደለም» አሉት።